የአሥራ ስምንቱ ወር መዝገብ

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥፋተኛው አባትህ ዓለሙ ነው። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት፣ ሰላምታ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ እዚያው ለስልሼ እንዳልቀር ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታው። ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለቃለጽድቅ ዓለሙ። እንደምን ከርመሃል? እናትህስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ደጅህን ከክፉ ይጠብቅ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

በመንገደኛው በመሳይ እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። የዋርካ ምንጭ ጤና ትምህርት ቤት አርባ ዓመት እንደሞላው፣ በግንቦት በዓል እንደሚደረግ፣ ስለ መሥራቹ ስለ ዶክተር ኦኩዴራ መጽሐፍ እያዘጋጃችሁ እንደሆነ፣ ልጃቸውም ለበዓሉ ከጃፓን እንደምትመጣ አንብቤአለሁ። አንተም እዚያው አስተማሪ ሆነሃል፤ ደግ ነው። «ከዶክተሩ ጋር ከሠሩት የልምድ አዋላጆች በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ትዝታዎን ለሚጽፍልዎ ሰው ይንገሩልኝ» ብለሃል።

የሚጽፍልኝ ሰው አልፈልግም። ያንተን ወረቀት ራሴ አነበብኩት፣ ይህንንም ራሴ እየጻፍኩት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያስቆጠረችኝ ኣስገደት የምትባል የአስመራ ሴት ናት። በደርግ ጊዜ በአማርኛ የተማረች ናት፤ እሷም እንደኔ የጣልያን አሮጊት ትጠብቃለች። ሐሙስ ከሰዓት ሁለታችንም እረፍት ስንወጣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ትራሙ አጠገብ ያለ ባር ውስጥ ታስቀምጠኝ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ጣልያንኛን በጆሮሽ ለቅመሽ እንዴት ‹ጠ› እና ‹ጨ› ያሸንፉሻል?» እያለች ትስቅብኛለች። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ስህተት ብታገኝ ዝም ብለህ እለፈው።

ስለ ዶክተሩ የማውቀው ይህ ነው። በ1977 ሲመጡ ጤና ጣቢያው ድሬሰሮች፣ ማለት የሐኪም ረዳቶች፣ ያሠለጥን ነበር። ልጆቹ ነጭ ልብስ ለብሰው ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ከደብተር ያነባሉ፤ በሽተኛው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ዶክተሩ አልጋውን ከለከሏቸው። ለያንዳንዱ ተማሪ አሥር አሥር ቤት ሰጡና ስድስት ወር ሙሉ እዚያ ሰደዷቸው። ቤተሰቡ ከሚቀዳበት ምንጭ ውኃ ይቀዳሉ፣ የት እንደሚጸዳዱ ያያሉ፣ ሽንት ቤት ይቆፍራሉ። የሀብታም ልጆች «ሐኪም ልንሆን መጥተን ጉድጓድ ቆፋሪ ሆንን» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ዶክተሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ አላየሁም። እኛን አዋላጆችንም ሰብስበው እጅ መታጠብ፣ ክር መቀቀል፣ እትብት በአዲስ ምላጭ መቁረጥ አስተማሩን። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ነው።

የሞት መዝገብም ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በፊት ጸሐፊዎቹ ቢሮ ተቀምጠው ቁጥር ይፈጥሩ ነበር። ዶክተሩ ይህን ለማስቀረት «ስም የሌለው መስመር አይጻፍም» የሚል ደንብ አወጡ። ደግ ደንብ ነው፤ ሰውን እንደ ሰው የሚቆጥር። ግን በእኛ አገር ወንዱ አርባ፣ ሴቷ ሰማንያ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ እንደሆነ ፍትሐት የለም፣ እድር አይወጣም፣ ማንም ስም ብሎ አይጠይቅም። ይህን ዶክተሩ አያውቁም። መዝገቡን የሚጽፈውና የሚያስተረጉምላቸው አባትህ ግን ያውቃል።

ከጥር 1979 እስከ ሰኔ 1980 ድረስ፣ አሥራ ስምንት ወር ሙሉ፣ በወረዳችን አንድ አራስ ሕፃን አልሞተም እየተባለ ሲወራ ኖረ። ከሌላ ክፍለ ሀገር ከኛ ሊማሩ መጡ። መጽሐፋችሁም ይህን ሊያነሣ እንደሆነ ገባኝ። ተዉት። አራሶች ሞተዋል። አንዷ የኔ ናት።

ውባንቺ


ዋርካ ምንጭ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ውባንቺ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የርስዎን ጤና፣ የጉልበትዎንም መሻል እመኛለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባባ ብቻ ባለፈው ክረምት ግማሽ አካላቸውን ስለታመሙ ከቤት አይወጡም፤ አእምሯቸው ግን ሙሉ ነው። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ማመን አቃተኝ። ለባለቤቴም አሳየኋት፤ «ካንተ ይሻላል» አለችኝ።

ልጅ እንደነበረችዎ አላውቅም ነበር። በቤታችን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎ ብዬ እንዳልጽፍ ጊዜው ሄደ፤ ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም።

ስለ መዝገቡ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ዋናውን መዝገብ ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቼ ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። በየወሩ መጨረሻ ሦስት አዋላጆች ትክክለኛነቱን በአሻራ አረጋግጠዋል። የሰኔ 1980 ገጽ ኮፒ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁለተኛው አሻራ ሥር የርስዎ ስም አለ። እትዬ፣ በድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ጊዜው ስለራቀ ወሩ ወይም ዓመቱ ተምታቶብዎ ይሆን?

የአሥራ ስምንቱ ወር ውጤት የመጽሐፉ ዋና ምዕራፍ ነው። የዶክተሩ የማስተማር ዘዴ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች የተዛመተው በዚያ ምክንያት ነው። በበዓሉም ለአባባ ሜዳሊያ ይሰጣቸዋል፤ ይህ ቀን እንዲደርስላቸው ብቻ የሚኖሩ ይመስለኛል። ስለዚህ የአዋላጆቹን ምስክርነት የያዘች አጭር ወረቀት አዘጋጅቼ ልኬአለሁ። እርስዎ ከታች ቢፈርሙልኝ ይበቃል። ሌላ አላስቸግርዎም።

በክብር፣
ልጅዎ ቃለጽድቅ


ሮም
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቃለጽድቅ። ቤትህ ሰላም ይሁን፤ የአባትህንም ሕመም ለጠላት አልመኝም። ሳልወድ እንደጻፍኩት ግን እወቅ።

ወረቀትህ ከደረሰኝ አርባ ቀን አልፏል። ያዘገየኝ ፖስታው አይደለም።

ኮፒውን የከፈትኩት የምጠብቃት አሮጊት ልጅ ሲኞራ ዳኒኤላ እናቷን ልታይ መጥታ እኔ ኩሽና በነበርኩበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ አሻራዬን አየሁ። የግራ አውራ ጣቴ ላይ በልጅነቴ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ አለ፤ ወረቀቱ ላይም እንደ ነጭ መስመር ይታያል። የኔ ነው። ቀጥዬ ከላይ ያለውን አነበብኩ፣ አንድ አንድ ፊደል። «የሞተ አራስ ሕፃን፦ የለም።»

የዚያን ቀን አባትህ እጄን ቀለም ላይ ሲያስነካኝ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። «የምላጭና የሳሙና መቀበያ ነው፤ በየወሩ ትፈርሚ የለ እንዴ» አለኝ። አዎ፣ በየወሩ እፈርም ነበር። አሥራ ስምንት ጊዜ ምላጭና ሳሙና የተቀበልኩ መስሎኝ ማንም አልሞተም እያልኩ ስመሰክር ኖርኩ። መጨረሻ ላይ የመሰከርኩት በገዛ ልጄ ነው።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ለኣስገደት አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሰው ሞተብሽ እንዴ? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት።»

«አሎራ፣ እንግዲያ ያኔ ያላለቀስሽውን ነው አሁን የምታለቅሺው።»

«እያለቀስኩ አይደለም።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ እሱን ለዓይንሽ ንገሪው» አለችና የራሷን መሐረብ ወረወረችልኝ።

ወሩ ተምታቶብሽ ይሆን ብለሃል። ልጄ የተወለደችው ግንቦት 29 ነው፤ በስምንተኛ ቀኗ፣ ሰኔ 6፣ ሞተች። መንጋጋ ቆልፍ ነው። ጡት እየፈለገች አፏ አልከፈት አለ። ባሌ ጦር ግንባር ነበር፤ እሱም በዚያው ቀረ። ከጓሮ ቀበርናት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዶክተሩ ቤት ለቤት ሲዞሩ እኔ ደጅ ደረሱ። አባትህ አብሯቸው ነበር። ልብሴ ደረቴ ላይ በወተት ርሷል። ዶክተሩ አዩትና በእጃቸው ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው አድርገው በማላውቀው ቋንቋ ጠየቁ። አባትህ «ልጅሽስ ይላሉ» አለኝ። «ሞታለች በላቸው» አልኩት። አባትህ ወደ እሳቸው ዞረና የሆነ ነገር ተናገረ። ዶክተሩም ፈገግ አሉ። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ወደ ጎረቤት ሄዱ። ልጅ የሞተባት ሴት ፊት ቆሞ ፈገግ የሚል ሰው የለም፤ ጃፓንም ቢሆን ያለ አይመስለኝም። አባትህ ምን እንዳላቸው ለማወቅ ቋንቋ መማር አላስፈለገኝም።

ለምን እንዲህ አደረገ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ያ ሰኔ አሥራ ስምንተኛው ወር ነበር። በሐምሌ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ዜሮ አዩ፣ አጨበጨቡ። በመስከረም አባትህ ለትምህርት ወደ ውጭ ተላከ። በዚያው ዓመት ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሲመጣ «ዋርካ ምንጭ አያስፈልጋትም፤ እዚያ የሚሞት የለም» ተባለና ለጎረቤት ወረዳ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በእጄ ያዋለድኳቸውን ቀብሬአለሁ። እጄ የተረገመ መስሎኝ ሙያውን ተውኩ፤ አገሩንም ተውኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እናት ሳገላብጥ የኖርኩት በዚህ ነው።

አልፈርምም። የልጄ መስመር መዝገቡ ውስጥ ይግባ። የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ውባንቺ


ዋርካ ምንጭ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውባንቺ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ።

የፊርማው ጉዳይ ቀርቷል። አሳብዎን ለመጽሐፉ ኮሚቴ በቃል አቅርቤ ነበር። መዝገቡ የሚታረመው በራሱ በዶክተሩ ደንብ መሠረት ብቻ ነው ብለዋል፤ ማለትም ስም የሌለው ሞት አይመዘገብም። ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ለመጽሐፉ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ይላኩልን። ከሥሩ «ከዶክተሩ ጋር የሠሩ አዋላጅ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላ ነገር አይኖረውም።

ክረምቱ እዚያ በርትቷል ይባላል፤ ራስዎን ይጠብቁ።

ቃለጽድቅ


ሮም
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቃለጽድቅ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ስለ ልጄ ጻፍኩልህ፤ አንተ ስለ ክረምቱ ጻፍክልኝ። ፎቶ አልልክም።

በነዚያ ወራት ከሞቱት አራሶች የማስታውሳቸው፣ የኔን ጨምሮ፣ አሥራ አንድ ናቸው። የአሥሩን እናቶች ስምና ቤታቸው ያለበትን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። የሞቱ ይኖራሉ፣ ከአገር የወጡም ይኖራሉ። ከጤና ጣቢያው በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ የሚርቅ ቤት የለም።

አንተ የዶክተሩን መጽሐፍ ትጽፋለህ፤ የዶክተሩን ሥራ ግን አንድ ቀን ሠርተህ አታውቅም። እሳቸው ቢሆኑ ኮሚቴ አይሰበስቡም ነበር። ጫማቸውን አጥብቀው ሄደው ደጁን ያንኳኩ ነበር።

ውባንቺ


ዋርካ ምንጭ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውባንቺ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤናዎን፣ ዕድሜዎን ያብዛልኝ። ይህን የምጽፈው አዲስ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ደብዳቤዎን ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ከርስዎ በፊትም የከነከነኝ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ «ጎረቤት ወረዳ በዚያው ጊዜ ስልሳ አራስ ሲሞት እዚህ እንዴት ዜሮ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በንጹሕ ምላጭ» ብዬ አስቀመጥኳት። መቀመጧንስ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ክፍል ስገባ ዓይኗን እሸሻለሁ። ለርስዎም መጀመሪያ የጻፍኩት፣ አንድ ሰው «ልክ ነው» እንዲለኝ ፈልጌ ይመስለኛል።

ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቷ ማንጠግቦሽ ጋ ነው የደረስኩት። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ገና ሳልቀመጥ «አንተ የዓለሙ ልጅ አይደለህም? አፍንጫህ ላይ ተጽፏል። ምን ሽጥ ብሎ ላከህ?» አሉኝ።

«የሚሸጥ የለኝም፤ የምጠይቅዎት ነገር አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የናንተ ቤት የሚጠይቀው?»

በ1979 በመጋቢት ልጅ ሞቶብዎት ነበር ወይ አልኳቸው። ያበጥሩት የነበረውን እህል አስቀመጡ። ወንድ ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ነው አሉ። ክርስትና ተነሥቶ ነበር? አልተነሣም። ያዘጋጀሁት ቀጣይ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ግን ከአፌ የወጣው «ስም አውጥተውለት ነበር?» የሚል ሆነ።

«ቢያድግልኝ» አሉ። ከአጥር ወዲያ ያለ ልጅ እንደሚጠሩ፣ ሳያመነቱ። «ቢያድግልኝ ነበር የምለው። ለአባቱም አልነገርኩት።»

ለምን ለመዝጋቢው አልነገሩትም ስላቸው ሳቁብኝ። «መቼ ጠየቀኝ? ‹ስም የለውም አይደል?› ብሎ እሱው ጠይቆ እሱው መለሰና ሄደ።»

ከአሥሩ እናቶች ስድስቱን አገኘሁ። አንዷ ባላቸው ከቤት እስኪወጣ ድረስ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። አንዷ አልቅሰዋል። አንዷ ውሻ ሊለቁብኝ ነበር። ግን እትዬ፣ ስድስቱም ልጆች ስም አላቸው። አንድም ስም የሌለው አላገኘሁም። ደንቡ ሳይሻር ሊጻፉ ይችሉ ነበር። የዶክተሩ ደንብ የጠየቀው፣ ሰው ሄዶ እንዲጠይቅ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። ከዚያ «ስም ከነበራቸው ለምን አልነገሩኝም?» አሉኝ። «ጠይቀዋቸዋል?» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ስለርስዎ ደጅ፣ ስለ ዶክተሩ ፈገግታ ጠየቅኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ አይጎርሱም፤ እናቴም ለጊዜው ቤቱን ልቀቅላቸው አለችኝ።

ምዕራፉን ከመጽሐፉ አውጥቻለሁ። ኮሚቴው ሊያባርረኝ ተሰብስቦ ነበር፤ ስድስቱን ስሞች ከነቀኑ ሳነብላቸው ግን ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀና ስብሰባው ተበተነ። ሜዳሊያው ቀርቷል። ለዶክተሩ ልጅ ሁሉንም ጽፌላታለሁ፤ ቢሆንም እመጣለሁ ብላለች።

መዝገቡ ላይ ስድስት መስመር በቀይ ቀለም ተጨምሯል። ሰባተኛውን መስመር ቀኑን ሞልቼ ስሙን ክፍት ትቼዋለሁ። እትዬ፣ ከመጀመሪያው ልጠይቅዎ ይገባኝ የነበረው ይህ ነበር። ልጅዎን ማን ብለው ነበር የሚጠሯት?

ቃለጽድቅ


ሮም
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ቃለጽድቅ፣ የሄድክበት እግርህ አይታመም። ለማንጠግቦሽም ሰላምታ አድርስልኝ፤ እስከ ዛሬ መኖሯን አላውቅም ነበር።

ስሟ ሳምራዊት ነው። ሳምራዊት ብዬ የጠራኋት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር፣ በጆሮዋ። ከዚያ ወዲህ ይህን ስም ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለኣስገደትም ትናንት ነው የነገርኳት። እንግዲህ ሰባተኛውን መስመር ሙላው፤ በመልካም እጅ ጻፍልኝ፣ በጥድፊያ አይሁን።

አባትህን ይቅር አላልኩትም። በኔ ምክንያት ከቤትህ መውጣትህ ያሳዝነኛል፤ ግን አትመለስና ይቅርታ ጠይቀው አልልህም። የሚለኝ ነገር ካለው በጤነኛ እጁ ይጻፍልኝ፤ ማንበብ እችላለሁ። ሳይጽፍ ከሞተም ከራሱ ጋር ይዞት ይሂድ። ዶክተሩን አልወቅሳቸውም። ልጃቸው ስትመጣ ግን ያን ቀን ምን ተብለው ፈገግ እንዳሉ ንገራት። ማወቅ ይገባታል።

ማክሰኞ ዕለት ለጡረታዬ ፎርም ላስሞላ ፓትሮናቶ የሚሉት የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ነበር። ወንበር ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል እንደ ወትሮው ጠየቀችኝ፤ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ባል፣ ልጆች። እዚህ አገር በየቢሮው፣ በየሐኪም ቤቱ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ባሳደስኩ ቁጥር ይህን ተጠይቄ በአንድ ቃል ስዘጋው ኖሬአለሁ። የዚያን ቀን ዝም አልኩ። ልጅቷ ብዕሯን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ሞታለች» አልኳት። ፎርሙ ላይ ለሞተ ልጅ ቦታ እንደሌለው ነገረችኝ። «ግድ የለም፤ አንቺ ስሚው» አልኳት። ሰማችኝ።

ከእንግዲህ ለማንም፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ልጅ የለኝም፣ ወልጄም አላውቅም ብዬ አልመልስም።

የሳምራዊት እናት
ውባንቺ